የላይኛው ሐይቅ ዘጠኝ ብልቃጦች

ኅዳር 30 ቀን

ይድረስ ለልጄ መምህር፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደኅና ነኝ ልል ብዕሬን አነሳሁና አቆምኩ። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ አስተማሪዎቻችን ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል ብለው አስተምረውናል። ደኅና ያልሆነ ሰው በምን እንደሚጀምር ግን አልነገሩንም። እንዲሁ አለሁ።

ወሬውን ማን እንደ ነገረኝ ጠይቀዋል። ማክሰኞ ነበር፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ። አሥራ ስድስት የአስተናጋጅ ሸሚዝ ለሐሙስ ማድረስ ስለነበረብኝ በስፌት መኪናዬ ኮሌታ እየገጠምኩ ነበር። እህቴ ወሬኛ ናት፤ ገና ከደረጃው ሥር ሳለች ነው ማውራት የምትጀምረው። ያን ቀን ሃያ ሁለቱን ደረጃ ዝም ብላ ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ አውቄዋለሁ።

«መኪናውን አቁሚው» አለችኝ።

እግሬ አላቆመም። ያን ኮሌታ እስከ ጫፉ ሰፋሁት። ክሩን በጥሼ፣ «ድንቡሼ ናት?» አልኳት። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

እናንተ ዘንድ ልጄ በዚህ ስም እንደማትጠራ አውቃለሁ። ስትወለድ ጉንጯ ሞልቶ ዓይኗ አይታይም ነበር። ኋላ ቀጥና ብትመዘዝም ስሙ አልለቀቃትም።

ሐይቁ ላይ ስትሄድ በረዶው ተሰብሮ እንደ ከዳትና ከዚያ ወዲህ ሐይቁ ጭራሽ በበረዶ እንደ ተደፈነ ነገሩኝ። እስከ ሚያዝያ ድረስ ማንም ሊያወጣት አይችልም አሉ። ሰው ሊያጽናናኝ ይመጣና «ተቀበረች?» ይለኛል። «ገና ናት» እላለሁ።

ቤት ትታው የሄደችው ነገር አለ ወይ ብለዋል። አለ። ፍሪጅ ውስጥ፣ ከወተቱ አጠገብ፣ ትናንሽ ብልቃጥ የተደረደረበት ሳጥን አለ። ስመለስ እወስደዋለሁ ብላ ነው ያስቀመጠችው። እዚያው ይቆያል። እባክዎ አይጠይቁኝ።

የድንቡሼ እናት

ታኅሣሥ 11 ቀን

ይድረስ ለድንቡሼ እናት፤

እንደምን ሰነበቱ ማለት እንደማይገባኝ ተረድቻለሁ። ቀድሜ ራሴ ልነግርዎት ሲገባኝ ወሬው በሌላ ሰው አፍ ስለ ደረሰዎት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስልኩን አንስቼ መልሼ ያስቀመጥኩት ብዙ ጊዜ ነው።

ዓሣ ምን ስለሆነ ነው ሰው የሚሞትለት ብለው ጽፈዋል። ከደብዳቤው በኋላ በላኩልኝ ሁለተኛ ወረቀት ላይ ያሰፈሩት ነው። እርስዎን ባያጽናናም ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ልንገርዎት።

ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት የበረዶ ዘመን የምንለው ነበር። ግግር በረዶው ሸለቆ የሚሞላ፣ ተራራ የሚውጥ ነበር። ወፍ በርሮ ይሄዳል፣ አውሬም ተራምዶ ይሸሻል። የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ግን ውኃው ሲዘጋ አብሮት ይዘጋል። ብዙው አለቀ። የተረፈው በረዶ ባልደረሰበት የቆላ ውኃ የነበረው ነው። በረዶው ሲቀልጥ እነዚያ ወንዙን ተከትለው ወደ ላይ ወጡ። በየሐይቁ የገቡት ጥቂት ስለነበሩ የዛሬዎቹ ሁሉ የጥቂቶች ልጆች ናቸው። ከቆላ ሲነሱ ይዘውት የነበረው ልዩ ልዩ የዘር ዓይነት በየመንገዱ እየተንጠባጠበ ቀርቷል። ይህን በዘረመላቸው ላይ እናነበዋለን።

ልጅዎ ሦስት ሐይቆችን ታጠና ነበር። የታችኛውና የመካከለኛው ዓሦች እንዲህ የመጡ ናቸው። ስለ ላይኛው ግን ሌላ ነገር አለች። ከገደሉ ሥር ሞቅ ያለ ምንጭ አለ፤ በበረዶው መሐል አንዲት የውኃ ኪስ ሳትዘጋ ቀርታ፣ ጥቂት ዓሦች እዚያው ታሽገው ዘመኑን አሳልፈውታል ትል ነበር። «መምህር፣ እነዚህ በኋላ የመጡ አይደሉም፤ ቤት የጠበቁ ናቸው» ብላኝ ነበር።

የዓሣ ሀብት ቢሮው በሚመጣው በጋ እዚያ ሐይቅ ውስጥ ከማርቢያ ኩሬ ያመጣውን ዓሣ ሊለቅ አስቧል። አንዴ ከተዳቀሉ የድሮዎቹን መልሶ መለየት አይቻልም። ውሳኔው የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። ሐይቁ ደግሞ እስከ ሚያዝያ ዝግ ነው። እያንዳንዱ ብልቃጥ ውስጥ ከአንድ ዓሣ መዋኛ ክንፍ ጫፍ የተቆረጠች ቅንጣት በአልኮል ተቀምጣለች። ከላይኛው ሐይቅ የተወሰደ በሌላ ቦታ የለም፤ ሳጥኑን እንዲልኩልኝ እለምንዎታለሁ። የመስክ ደብተሯም ካፖርቷ ኪስ ውስጥ እንደ ነበረ ከእሷ ጋር በረዶው ሥር ነው።

በዚያው ወረቀት ዕለቱን እንድነግርዎት ጠይቀዋል። ቀትር ላይ የሐይቁ ጠባቂ ቦርሳዋን ዳር ላይ አየ። ጠራት፣ መልስ አላገኘም። ሰው ይዞ እስኪመለስ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ብቻዋን ነበረች።

አክባሪዎ፣ መምህሯ

ታኅሣሥ 24 ቀን

ይድረስ ለልጄ መምህር፤

እንደምን ሰነበቱ? ደብዳቤዎን አራት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱን ጊዜ ለእህቴ ጮክ ብዬ ነው።

እኔ በጨርቅ ነው የገባኝ። አንድ ትልቅ ጣቃ አለ እንበል፣ አበባም መስመርም ነጠብጣብም ያለበት። ከጣቃው ክንድ ተቆርጦ ሩቅ አገር ቢወሰድ፣ እዚያ ያለችው ሰፊ ከዚያች ክንድ ሌላ የላትም። አበባው ክንዷ ላይ ካልወደቀ ልጆቿን አበባ አታለብስም። ከክንዱ ደግሞ ስንዝር ተቆርጦ ቢሄድ የባሰ ነው። የታችኛውና የመካከለኛው እንዲህ ናቸው፤ ተሳሳትኩ?

የላይኛው ግን ከዚያ ክንድ አይደለም። ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ የተረሳ ቁራጭ ነው። ትንሽ ነው፣ ግን መልኩ ሌላ ነው።

እህቴ ይህን ስትሰማ፣ «በይ እኔም የላይኛው ሐይቅ ዓሣ ነኝ፣ ሠላሳ ዓመት ከዚህ ሰፈር ንቅንቅ አላልኩም» አለች።

«አንቺስ ሰፈሩን ሁሉ ስታካልዪ ነው የምትውዪ» አልኳት።

«ታዲያ አንቺ ነሽዋ። ከዚህ ክፍል የማትወጪ» አለችኝ።

ቀልዷን ነበር፤ አፏን በእጇ ያዘች። እውነቷን ነው። ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ደረጃውን አልወረድኩም። ጨርቁን እሷ ታመጣልኛለች፣ የተሰፋውን እሷ ትወስዳለች። መስኮቱን ስከፍት ከፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ይመጣብኛል፤ ስዘጋው ፍሪጁ ሲያጉረመርም እሰማለሁ። በሩ አልተቆለፈም። ግን እሷ እዚያ ተዘግቶባት ሳለ እኔ ወጥቼ ፀሐይ ብሞቅ የከዳኋት ይመስለኛል።

አሁን አንድ ነገር ልበልዎት፣ አይቀየሙኝ። ስለ ዕለቱ ሲጽፉልኝ ከቀትር ይጀምራሉ። የሰው ቀን ከጠዋት ነው የሚጀምረው። ድንቡሼ ወደ እርስዎ ልትመጣ ሻንጣዋን ዘግታ ነበር። ሳጥኑንም ይዛው ልትሄድ ነበር። ከዚያ ስልክ ተደወለ። «እሺ መምህር፣ እሺ» ስትል ሰምቻታለሁ። ምን እንዳሏት አልሰማሁም፣ የስፌት መኪናው ይንጫጫ ነበር። ከዚያ ወዲያ ነው ሳጥኑን ፍሪጅ አስቀምጣ ወደ ሐይቁ ተመልሳ የወጣችው።

ሳጥኑን መላክ አልችልም። ምክንያቱን ዛሬ አልጽፈውም።

እናቷ

ጥር 8 ቀን

ይድረስ ለልጄ መምህር፤

እንደምን ከረሙ? ሳጥኑን መከልከልዎ ጥል ነው ወይ፣ ቂም ነው ወይ ብለው ጽፈዋል። ስለ ጠዋቱ የጠየቅኩዎትን ግን አሁንም ዘለሉት። ይሁን። እኔም የዘለልኩት ነገር ስላለ የእኔን አስቀድሜ ልናገር።

ወሬው በደረሰኝ ሳምንት ሳጥኑን ከፈትኩት። በየብልቃጡ ውስጥ፣ አልኮሉ ላይ፣ ቅዳጅ ወረቀት ነበር። ጽሑፉ በእርሳስ ነው፣ ደብዝዟል። ይህቺ ልጅ ምን ነክቷት ነው በእርሳስ የጻፈችው አልኩ። የልጄ እጅ ጽሑፍ ውኃ ውስጥ ሊጠፋ ነው ብዬ ፈራሁ። አሁንስ ውኃ የሚባል ነገር ይቅር።

ወረቀቶቹን አንድ በአንድ በወረንጦ አወጣሁ። የመተኮሻ ጠረጴዛዬ ላይ አደረቅኳቸው። አዲስ ወረቀት ቆርጬ፣ በራሴ ጽሑፍ፣ በጥሩ ሰማያዊ ብዕር ገለበጥኳቸውና እያንዳንዱን በየብልቃጡ መለስኩ። አንዱን ከአንዱ አላደባለቅኩም። አምስት ቀን ፈጀብኝ። የእሷን ወረቀቶች ቁልፍ በማስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩ።

ሁለት ሳምንት ቆይቼ ከፈትኩት። አልኮሉ ሰማያዊ ሆኗል። ወረቀቶቹ ነጭ ናቸው። ሠላሳ ሁለት ብልቃጥ፣ አንድም ፊደል የለበትም።

ለምን በእርሳስ እንደ ጻፈች ያኔ ገባኝ። ብትኖር ኖሮ «እማዬ፣ መጠየቅ ምን ይከብድሻል?» ትለኝ ነበር።

ወረቀቶቿ በእጄ ናቸው፤ የየትኛው ብልቃጥ እንደሆኑ ግን ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ የለም። የሐይቁን ስም፣ ቁጥሩን፣ የዓሣውን ርዝመት ጽፋለች። አንዳንዱ ላይ የራሷን ጨምራለች። «ይህቺ ነከሰችኝ» ይላል አንዱ። አንዱ «ሽማግሌ» ይላል። ከላይኛው ሐይቅ አንዱ ላይ፣ «ስትቆጣ እናቴን ትመስላለች» ብላለች።

እሷን ውኃ ወሰዳት። ሥራዋን ደግሞ እኔ በገዛ እጄ አጠፋሁት። ይኸው ነው ያልላክሁበት ምክንያት።

እናቷ

ጥር 17 ቀን

ይድረስ ለድንቡሼ እናት፤

ደብዳቤዎ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፣ ሳልቀመጥ ነው የምመልሰው። አልጠፋም። ቀለሙ ሥጋውን አይጎዳውም፣ እየታጠበ ይጠራል። ስሙን ከወረቀቱ ላይ ብናጣውም ዓሣው ራሱ ውስጥ ተጽፏል። ሠላሳ ሁለቱን ብንመረምራቸው በየዝምድናቸው ይከመራሉ። ከታችኛውና ከመካከለኛው ሐይቅ አምና የሰበሰብነው በእጃችን ስላለ እነሱን እናውቃቸዋለን። ልጅዎ ትክክል ከሆነች፣ ማንንም የማይመስል ሦስተኛ ክምር ይወጣል።

ግን የሚጠራጠር ሰው፣ ወረቀት ከሌለ እንደፈለጋችሁ ነው የከመራችሁት ሊለን ይችላል። ስለዚህ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ቆርቆሮው ውስጥ ያሉትን ወረቀቶች በየሐይቃቸው ይቁጠሩ። ቁጥሩን ለእኔ አይንገሩኝ። በታሸገ ፖስታ ለዓሣ ሀብት ቢሮው ኃላፊ ብቻ ይላኩ። እኛ የክምሮቻችንን ቁጥር እሱ ፊት እንጽፋለን፣ እሱ የእርስዎን ይከፍታል። ከገጠመ ገጠመ።

አሁን ጠዋቱን ልጻፍ። ሦስት ደብዳቤ ቀድጃለሁ።

የደወልኩት እኔ ነኝ። ከላይኛው ሐይቅ ያገኘሁት ጥቂት ነው አለችኝ። «ከሃያ በታች ከሆነ ማንም አያምንሽም» አልኳት። ጥቂት ያለችው ስንት እንደ ነበረ አልጠየቅኳትም። በረዶው ገና ስስ እንደሆነ አውቅ ነበር። «ጠንቀቅ በይ» ብያት ስልኩን ዘጋሁ። ስስ በረዶ ላይ ለቆመ ሰው ጠንቀቅ በይ ማለት ምን እንደሚጠቅም እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

ከዚያ ወዲህ ቢሮዬ ገብቼ በሩን እዘጋለሁ። ተማሪዎቼ ሥራ የያዝኩ ይመስላቸዋል። ይቅር ይበሉኝ።

መምህሯ

የካቲት 4 ቀን

መምህር፤

ሰላምታ አላስቀደምኩም።

ሳጥኑን እህቴ በእጇ ታደርስልዎታለች። አውቶቡስ ላይ ከጉልበቷ እንዳታወርደው አስምያታለሁ። ምን እንደያዘች የሚጠይቃት ካለ «ዘመዶቼን» እላለሁ ብላለች፤ ያ አመሏ ነው።

የቁጥሩን ፖስታ ግን ለእሷ አልሰጠሁም። ካፖርቴን ለበስኩ። ሃያ ሁለቱን ደረጃ ግድግዳውን ይዤ ወረድኩ። ፖስታ ቤቱ ሁለት መንገድ ማዶ ነው፤ ሂጄ በእጄ ከተትኩት። ከዚያ ወደ ቤት ተመልሼ በሩን ቆለፍኩ። ከመጣሁ ወዲህ አልወጣሁም።

ስንት እንደ ነበሩ እርስዎ አልጠየቋትም። አሁን እኔ አውቃለሁ፣ እርስዎ አያውቁም። በዚህ ደስ ብሎኛል ብልዎት ይፈሩኛል። ለአንድ ቀን ደስ ብሎኝ ነበር።

ይቅር ይበሉኝ ብለዋል። ያን ቃል ፈለግኩት፣ አላገኘሁትም። ሳገኘው እጽፍልዎታለሁ። እኔም ያን ጠዋት እግሬን ከመኪናው ባነሳ ኖሮ ያሏትን ሰምቼ በር ላይ እቆምባት ነበር። አላነሳሁም።

እናቷ

የካቲት 27 ቀን

ይድረስ ለድንቡሼ እናት፤

ትናንት ኃላፊው ቢሮ ነበርን። ፖስታዎ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ እንደ ታሸገ። ሰሌዳው ላይ ሦስት ቁጥር ጻፍኩ። የታችኛው አሥራ ሁለት፣ የመካከለኛው አሥራ አንድ፣ ማንንም የማይመስለው ዘጠኝ።

ኃላፊው በማስመሪያ ጠርዝ ፖስታውን ከፍቶ አነበበ። ደግሞ አነበበ። «ይህን የጻፈው ማን ነው?» አለኝ።

«ልብስ ሰፊ ናት» አልኩት።

ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው። አሥራ ሁለት፣ አሥራ አንድ፣ ዘጠኝ። ከሥሩ «በትክክል ቆጥሬአለሁ፣ ሦስት ጊዜ» ብለዋል።

ዓሣ መልቀቁ ቀርቷል፤ ሐይቁ ተከፍቶ በደንብ እስኪጠና ድረስ ማንም ምንም አይጨምርበትም። ዘጠኙ እርስ በርሳቸው እንደ ወንድምና እህት ይቀራረባሉ። ተዘግተው የኖሩ ጥቂቶች ልጆች መሆናቸው ያስታውቃል። በውስጣቸው ግን ከታች የትም ያልተገኘ መልክ አለ። እርስዎ እንዳሉት ነው፤ ትንሽ ቁራጭ፣ ግን ከሌላ ጣቃ።

አንድ ነገር ልደብቅዎት አስቤ ነበር። ዘጠኙ በቂ ነበሩ። አንድ እንኳ መጨመር አያስፈልግም ነበር። ይህን ሳልነግርዎት ብቀር ጠዋቱን ዳግመኛ መዝለል ይሆንብኛል።

ጥናቱ ሲታተም የእሷ ስም ፊተኛ ነው። ከስሟ ታች ለመታሰቢያዋ ምን እንድንጽፍላት ይፈልጋሉ?

መምህሯ

ግንቦት 6 ቀን

ይድረስ ለልጄ መምህር፤

እንደምን ሰነበቱ? ሳልመልስልዎት ብዙ ስለ ቆየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስለ ዘጠኙ የጻፉልኝን ያነበብኩ ቀን ወረቀቱን አጥፌ ከስፌት መኪናው መርገጫ ሥር አደረግኩት። ሁለት ወር ሙሉ እየረገጥኩት ሰፋሁ። ኋላ አወጣሁት።

ሚያዝያ 19 ቀን ሲያወጧት እዚያ ነበርኩ፣ እርስዎም ነበሩ። ባርኔጣዎን በእጅዎ ይዘው ከሰው ሁሉ ኋላ ቆመው አይቼዎታለሁ። እርስዎ ወደ እኔ አልመጡም፣ እኔም አልጠራሁዎትም። መልኳ አለመለወጡን እንዳዩ ግን ፊትዎን ሲያዞሩ አውቄያለሁ።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ የሐይቁ ጠባቂ፣ «እናቴ፣ ዓሣዎቹን አይተዋቸዋል?» አለኝ። አላየሁም አልኩት። ምንጩ አጠገብ ወስዶ በመረብ አንዲት አወጣልኝ። ከመዳፌ ትንሽ ትበልጣለች፣ ጎኗ ነጠብጣብ አለው። አፏን ከፍታ፣ ዓይኗን አፍጣ አየችኝ። እውነትም ተቆጥታለች። ከስንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ፤ ጠባቂው ደነገጠ። «ይልቀቋት» አልኩት፣ ለቀቃት።

አሁን ቤት ነኝ። ፍሪጁን ነቅዬ አጠብኩት። ደረጃውን በሳምንት አንዴ እወርዳለሁ፣ ወደ መቃብሯ ለመሄድ ብቻ። ከዚያ የሚያልፍ እግር ገና አላወጣሁም። የሰዉን ሸሚዝ እሰፋለሁ፣ ግድግዳውን አያለሁ።

የእሷን ወረቀቶች በዚህ ፖስታ ልኬልዎታለሁ። ሠላሳ አንድ ናቸው። አንዱን አስቀርቻለሁ፤ የትኛውን እንደሆነ ያውቁታል።

ያን ቃል ገና እየፈለግኩት ነው። ግን እየጻፍኩልዎት መሆኔን ልብ ይበሉ።

ከታች ምን ይጻፍ ብለዋል። የተማሩ ሰዎች በሚያነቡት ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይጻፍም ካሉ በትንሽ ፊደል ያድርጉት፣ ግን አይተዉት፦

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ስለ ዓሣ ብላችሁ እንደ ከፈታችሁት አውቃለሁ። እነዚህን ዘጠኝ በእጇ ይዛ፣ ከክንፋቸው ጫፍ ቆንጥራ፣ ሳትጎዳቸው መልሳ የለቀቀች ልጅ ነበረችኝ። አምስት ወር ከበረዶ በታች ቆይታለች። አሁን አፈር አግኝታለች። ወደሚቀጥለው ገጽ ከማለፋችሁ በፊት፣ ነፍሷን በር በማይዘጋበት በሰፊው ቦታ እንዲያኖርልኝ አንድ ጊዜ ብቻ ለምኑልኝ።